የመዓዛ ስጦታ ለጤና ቀን፦ ሮል ኦን፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የእግር ጨው ወይስ የዕፅዋት ከረጢት?

አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የጤና ቀን ያዘጋጃል። ጠዋት ዮጋ፣ ቀጥሎ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ፣ ከሰዓት የትከሻና የአንገት ማሳጅ፤ ማብቂያው ላይ ለ150 ሰው የድርጅቱ ሎጎ ያለበት የመዓዛ ስጦታ ይታደላል። ግዥ ክፍል «የአሮማቴራፒ ዘይት፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ ሎጎ የታተመበት» ብሎ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ሽቶ ጠብ የተደረገበት የምግብ ዘይት ነው። አቅራቢውን መውቀስም አይቻልም፤ በተጻፈው ዝርዝር መሠረት አቅርቧል።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ይወሰን፦ እንግዳው ስጦታውን የት ከፍቶ በምን ይጠቀምበታል፣ እና ውስጡ በትክክል ምን ይግባ። አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳ ያለው መታጠቢያ ቤት ጥቂት ነው፤ ሳፋ ግን በየቤቱ አለ። ሆቴል ያረፈ እንግዳ ዕጣን ማጨስ አይችልም። ጂማ ወይም ድሬዳዋ የሚመለስ ሠራተኛ ሻማውን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ሊተወው ይችላል። ምርጫው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ከማሸጊያው በፊት ዘይቱ

በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ኢሴንሻል ኦይል ከቅጠል፣ ከአበባ ወይም ከሙጫ በእንፋሎት ተነጥሮ፣ ከሎሚና ከብርቱካን ደግሞ ልጣጩ ተጨምቆ የሚወጣ ነው። ፍራግራንስ ኦይል በቤተ ሙከራ የተቀመመ ሽታ ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፤ ለሻማ እንዲያውም ይመቻል። «አሮማቴራፒ» (በተክል ዘይት መዓዛ የሚደረግ እንክብካቤ) ተብሎ ቆዳ ላይ እንዲቀባ ሲታደል ግን ስያሜው ሐሰት ነው፤ አንድ ሰው ቆዳው ቢቆጣ ምን እንደነካው የሚነግረው አይኖርም።

ዝርዝሩ ላይ የተክሉን ሳይንሳዊ ስም፣ ዘይቱ ከየትኛው የተክሉ ክፍልና በምን መንገድ እንደወጣ፣ የምርት ቁጥሩንና ቀኑን፣ እንዲሁም ለዚያው የምርት ቁጥር የተሠራ የጋዝ ክሮማቶግራፊ (ዘይቱ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለይ የቤተ ሙከራ ምርመራ) ውጤት ጠይቁ። የሳይንሳዊ ስሙ ነገር ለይስሙላ አይደለም። «ላቬንደር» የተባለው ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ ሊሆን ይችላል፤ ረከስ ያለውና የካምፎር ሽታ የሚጎላበት ላቫንዲንም ሊሆን ይችላል። ዕጣንም እንዲሁ ነው። የመተማና የትግራይ ነጭ ዕጣን የሚገኘው ከቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው፤ ዘይቱ በአብዛኛው ኦክታይል አሴቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሆነ ወደ ፍራፍሬ የሚያደላ ሽታ አለው። የቦረናው ዕጣን ከሌላ የቦስዌሊያ ዝርያ ስለሚመጣ ሽታው ሌላ ነው። ናሙናው ደስ ብሏችሁ የመጣው ዕቃ ሌላ ከሸተተ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው።

ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና እስከ ማግስቱ ተዉት። እንደ ባህር ዛፍ፣ ጠጅ ሳርና ሮዝመሪ ያሉ ዘይቶች ተነው ይጠፋሉ፤ በወረቀቱ ላይ የቅባት ክብ ከቀረ በምግብ ዘይት ተበርዟል። የከርቤ ዘይት ግን ንጹሕ ሆኖም ምልክት ይተዋል። ደግሞም ይህ ፈተና የተደባለቀ ሰው ሠራሽ ሽታን አይለይም፤ ያንን የሚለየው የቤተ ሙከራው ወረቀት ብቻ ነው።

ስሌቱ ምን ያሳያል

አንድ ሚሊ ሊትር ኢሴንሻል ኦይል ወደ 20 ጠብታ ገደማ ነው። ለአዋቂ ቆዳ የተለመደው መጠን 2 በመቶ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር ሮል ኦን (አፉ ላይ ባለ ተሽከርካሪ ኳስ የሚቀባ ትንሽ ጠርሙስ) ውስጥ 0.2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት ጠብታ ያህል ይገባል። ለ150 ሰው ጠቅላላው ዘይት 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በአንጻሩ 160 ግራም ሰም የሚይዝ አንድ ሻማ 8 በመቶ ሽታ ቢደረግበት ወደ 13 ግራም ይጠጣል፤ ለ150 ሻማ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ለሮል ኦን ንጹሕ ዘይት መጠየቅ በጀቱን አያናጋም፤ «ንጹሑ ውድ ስለሆነ ነው» የሚል አቅራቢ ስሌቱን አልሠራም ወይም እንዳትሠሩት ይፈልጋል። ርካሽ ሆኖ «በንጹሕ የላቬንደር ዘይት የተሠራ» የተባለ ሻማ ሲቀርብላችሁ ደግሞ አትመኑት።

2 በመቶ ግን ለሁሉም ዘይት አይሠራም። ጠጅ ሳር ሲትራል የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ቆዳ ያስቆጣል፤ ከ0.7 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በ10 ሚሊ ሊትር ከአንድ ጠብታ ብዙም አያልፍም። ከልጣጭ የተጨመቀ የሎሚና የቤርጋሞት ዘይት ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ከቤት ውጭ የሚደረግ ዮጋ ላይ ሮል ኦን የምታድሉ ከሆነ ከቅመሙ አስወጡት። ከሁሉ በላይ የምናስጠነቅቀው ስለ ጤና አዳም ነው። ቡና ውስጥ የምናውቀው፣ ሽታው ቤት ቤት የሚል ተክል ስለሆነ «አገርኛ እናድርገው» ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ዘይቱ ግን ፀሐይ ላይ ቆዳ የሚያፈነዳ ንጥረ ነገር አለው። ደርቆ ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ ሮል ኦን ውስጥ አይግባ።

ሮል ኦን

ለጤና ቀን ከሁሉ የተመቸው ይህ ነው ብለን እናምናለን፣ በትክክል ከተሠራ። ኪስ ይገባል፤ በቀን ሁለቴ የሚቀባው ሰው ከአንድ ወር በላይ ይቆይለታል፤ በአውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ውስጥም ከ100 ሚሊ ሊትር ገደቡ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ያልፋል።

የሚበላሸው በማቅጠኛው፣ ማለትም ኢሴንሻል ኦይሉ በሚቀጥንበት ዘይት ነው። ተራ የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ያ ማለት አብዛኛውን ቀን ነው። ኳሱ አይዞርም፣ እንግዳው «ባዶ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ፍራክሽኔትድ የተባለው (የሚረጋው ክፍል የወጣለት) የኮኮናት ዘይት ግን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል፣ ሽታም የለውም። ጆጆባ ውድ ነው፣ ግን በቀላሉ አይመርርም። የኑግ ዘይት ለወጥ የሚደነቀውን ያህል እዚህ አይሆንም፤ ቶሎ ይመርራል፣ የራሱም ሽታ ይጫናል። ሰሊጥ ከኑግ ይሻላል፣ ሽታው ግን ይቀራል።

ጠርሙሱ ቡናማ ብርጭቆ፣ ኳሱ ብረት ይሁን። የላስቲክ ኳስ ሲቆይ ይላላና ያፈሳል። እስከ አፉ አይሞላ፤ 9 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ ይቁም። ኳሱ ሲገጠም ቦታ ይይዛል፤ በተጨማሪም ቆላ ላይ ተሞልቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አየር ስለሚሰፋ ዘይቱን ይገፋዋል። ናሙናውን ወረቀት ላይ በግንባሩ ደፍታችሁ አሳድሩት፤ ካፈሰሰ መልሱት።

ሻማ

በዓይን የሚያምር፣ በእጅ ከበድ የሚል፣ ጠረጴዛ ላይ ለሳምንታት ሎጎ የሚያሳይ ስጦታ ሻማ ነው። ለ20 እና ለ30 የክብር እንግዶች ጥሩ ነው። ለ150 ሰው ግን ክብደቱ፣ ስብራቱና የዝግጅት ጊዜው ያስቸግራል።

የሶያ ሰም በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚቀልጠው፤ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ቆላ ለሚሄድ እንግዳ አይመችም። ሽታው ከሰሙ ጋር እስኪዋሐድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ማረፍ አለበት። «ሻማው አይሸትም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዛሬ ተፈስሶ ነገ ከታደለ ሻማ ነው። ሌላው ችግር ክሩ ነው። ለዕቃው ስፋት የቀጠነ ክር መሐሉን ብቻ ቆፍሮ ይወርድና ዳሩ ላይ ሰም ይቀራል፤ የወፈረው ደግሞ ያጨሳል፣ ብርጭቆውን ያጠቁራል። አቅራቢው በዚያው ብርጭቆ፣ በዚያው ክር ሠርቶ ሦስት ሰዓት ያበራውን ናሙና ያሳያችሁ። ከመለያው ጀርባም ለተጠቃሚው ይጻፍ፦ መጀመሪያ ሲበራ ላዩ እስከ ዳር እስኪቀልጥ አይጠፋ፤ በየጊዜው ክሩ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይቆረጥ፤ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰዓት በላይ አይንደድ።

የኛ ምርጫ የንብ ሰም ሻማ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የንብ ሰም አምራቾች ናት፤ ሰሙ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ስለሆነ ሙቀት ይችላል፤ የራሱ የማር ሽታ ስላለው ሁለት ኪሎው ሽታ ከበጀት ይወጣል። ለጧፍ ለለመደ ሰው ሽታው ሩቅ አይደለም። ጊዜ ሲቆይ ላዩ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ይወጣዋል፤ ሻጋታ አይደለም፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ይህን ካርዱ ላይ ካልጻፋችሁ አንድ ሰው «የተበላሸ ሻማ ሰጡን» ማለቱ አይቀርም።

ዕጣን

ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ከዚህ የተሻለ የአገር ስጦታ የለም፤ ከ20 እስከ 30 ግራም የተመረጠ ዕጣን በትንሽ ቆርቆሮ ወይም በእንጨት ሳጥን ይበቃል። ዕጣን በፍሬው መጠንና በቀለሙ ደረጃ ይወጣለታል፤ ለስጦታ ነጣ ያለውንና ጎላ ጎላ ያለውን ምረጡ፣ ቅርፊትና አቧራው ለቤት ይቅር። ከሰል አብራችሁ አትስጡ። በክብሪት ወዲያው የሚቀጣጠለው ጡብ ከሰል በአየር ጉዞ አደገኛ ዕቃ ተብሎ ይወሰዳል፤ ሻንጣ ውስጥ ሲገኝ እንግዳችሁን ያንገላታዋል። የሸክላ ማጨሻም ይሰበራል። በምትኩ ካርድ ላይ በትንሽ እሳት፣ በብረት ሳህን ላይ እንዴት እንደሚሞቅ ይጻፍ።

ለአገር ውስጥ ሠራተኛ ግን ዕጣን ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል። ለአንዱ የቡና ሰዓት ነው፣ ለሌላው የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ፤ ከእምነቱ ጋር አይሄድም ብሎ የሚሸሸውም አለ። አስም ላለበት ሰው ጭሱ ራሱ ችግር ነው። በጤና ቀን ጭስ ማደል፣ ለዚያውም በአዳራሽ ውስጥ አጭሶ ማሳየት፣ ነገሩን ገልብጦታል። የጭስ መጠቆሚያ ባለበት ሆቴል ደግሞ ዮጋው በማንቂያ ደወል ይቋረጣል።

ሌላም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሳስቴኔቢሊቲ በተባለ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል፤ ችግኞች ስለማይተኩና ያሉት ዛፎች ቅርፊታቸው ከመጠን በላይ ስለሚበጣ። ድርጅታችሁ «ተፈጥሮን እንወዳለን» የሚል ካርድ ሊያያይዝ ካሰበ፣ ዕጣኑ ከየትኛው ማኅበር እንደተገዛ ይጠይቅ።

የእግር ጨው

የገንዳ ጨው የሚባለው የውጭ ሐሳብ እዚህ በሳፋ ይተካል። 200 ግራም ጎረድ ጎረድ ያለ የአፋር ጨው ለአራት ጊዜ የእግር መዘፍዘፊያ ይበቃል፣ በየጊዜው 50 ግራም። ለ200 ግራሙ 1 ሚሊ ሊትር ኢሴንሻል ኦይል ይገባል፤ መጀመሪያ በአንድ የሻይ ማንኪያ ማቅጠኛ ዘይት ተዋህዶ ነው ጨው ላይ የሚታሸው። በቀጥታ ከተጨመረ ውሃው ላይ ሳይቀላቀል ይንሳፈፍና ቆዳውን ባለበት ያገኘዋል።

ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ በፍጥነት ይዘጋጃል፤ ቀኑን ቆማ የምትውል ገንዘብ ተቀባይ ወይም ነርስ በእውነት ትወደዋለች። የሚጎዳው ክረምት ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ይጋገራል፤ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ደግሞ በዘይቱ ነጠብጣብ ይሆናል። ውስጡ የተለበጠና ዚፕ ያለው ከረጢት ያስፈልጋል። መለያው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አይቅር፦ ስኳር ያለበት ሰው የእግሩ ስሜት ሊደነዝዝ ስለሚችል የውሃውን ሙቀት በእግሩ ሳይሆን ሌላ ሰው በክንዱ ይፈትሽለት፤ ቁስል ካለበት አይዘፍዝፍ። ስኳር በተለካበት ዝግጅት ላይ ይህን መርሳት አሳፋሪ ነው።

የዕፅዋት ከረጢት

እንግዶቻችሁን ካላወቃችኋቸው፣ እርጉዝም አለርጂክም ሕፃን ያላትም ይኖራሉ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ቆዳ የማይነካው ይሄኛው ነው። ከ15 እስከ 20 ግራም የደረቀ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር በአቡጀዴ ከረጢት፤ ቁም ሣጥን ወይም ትራስ ሥር ይገባል። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ጥበብ ያለው ጨርቅ ብታሠሩ ከረጢቱ ራሱ ስጦታ ይሆናል፤ ሎጎው ከዳር፣ በትንሹ ይጠለፍ።

ዕፅዋቱ በጥላ ይድረቁ፣ ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር። ለስለስ ካለ እርጥበት አለው፣ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ሽታው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል፤ ሲደክም በእጅ ማሸት ያነቃዋል። ለውጭ እንግዳ ግን አንመክረውም፤ አሜሪካን ጨምሮ ብዙ አገር የደረቀ ተክልን ሲገቡ ማሳወቅን ይጠይቃል።

የኤሌክትሪክ ዲፊዩዘር (ሽታውን በጭጋግ መልክ የሚበትን ዕቃ) ለሦስትና ለአራት ሰው ሽልማት ይሁን። ከተበላሸ ቅሬታው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው፤ ከመግዛታችሁ በፊትም በ220 ቮልት እንደሚሠራ እዩ። የሸምበቆ ማሰራጫ (ሽታውን ጠርሙስ ውስጥ በቆሙ ቀጫጭን እንጨቶች የሚበትን) በየታክሲው ይፈስሳል፤ እርሱት።

ሎጎው

ባለ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዙሪያው 63 ሚሊ ሜትር ነው፤ መለያው 60 በ40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። የወረቀት ስቲከር ዘይት ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ጠርዙ ይነሳል፤ የላስቲክ ስቲከር ወይም በብርጭቆው ላይ ስክሪን ፕሪንት ይሁን። ለእንጨት ክዳን ሌዘር ያምራል። የአማርኛ ፊደል ከ7 ነጥብ በታች ሲወርድ ይዋሐዳል፤ «ሐ» እና «ሕ» አይለዩም። ፋይሉ ለማተሚያ ቤት ሲላክ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተለውጦ በፒዲኤፍ ይሂድ፤ አለዚያ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ባዶ ሳጥን ያትምላችኋል።

የሚጻፈውም ይጤን። «ራስ ምታት ያድናል» ወይም «ደም ግፊት ያወርዳል» አይባልም። መዋቢያና መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚተዳደሩ ናቸው፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የሚያድን ነገር አለኝ ያለ ምርት እንደ መድኃኒት ይጠየቃል። ይዘቱን፣ የተሠራበትን ቀን፣ «ለውጭ አጠቃቀም ብቻ፤ አይጠጣም፤ ከሕፃናት አርቁ» የሚለውን ጻፉ። ባህር ዛፍ ካለበት ለትንንሽ ልጆች ፊት አጠገብ እንደማይቀባ ጨምሩ።

ከቀኑ ወደ ኋላ ሲቆጠር

ሻማ ከሆነ ስድስት ሳምንት፣ ሮል ኦንና ከረጢት ከሆነ አራት፣ ጨው ከሆነ ሦስት ሳምንት ያዙ። የመጀመሪያው ሳምንት ለናሙና ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ሮል ኦኑን ክንዱ ውስጠኛ ላይ ቀብቶ 24 ሰዓት ይቆይ። ናሙናው ከተፈቀደ በኋላ አንዱን ፈርማችሁ አሽጉት፤ ሙሉው ዕቃ ሲመጣ የሚነጻጸረው ከሱ ጋር ነው፤ ቀሪው ክፍያም ከዚያ በኋላ ይሁን። ከሚያስፈልገው አሥር በመቶ ጨምራችሁ እዘዙ፤ በመንገድ የሚሰበርና ሳይጠራ የሚመጣ አይጠፋም።

በዕለቱ ሁለት ዓይነት ሽታ አቅርባችሁ እንግዳው ይምረጥ፤ ከሦስት ሲበልጥ አፍንጫ ይደክማል። ጠረጴዛው ከቡናው ርቆ ይቀመጥ፤ ቡና እየተቆላ ላቬንደር የሚሸትተው ሰው የለም። ሽታ የማይስማማው ሰውም ስለሚኖር አሥር ያህል ሽታ የሌለው ነገር፣ ለምሳሌ ያልተቀመመ ጨው ወይም ትንሽ ፎጣ፣ ከጠረጴዛው ሥር ይኑር፤ ሲጠየቅ ያለ ማብራሪያ ይሰጥ።